የሚካኤልን በር የበየደው ሰው

ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ በያጅ ለሚፈልግ ሰው ደጁ ብዙ ነው። አንዱ «ለማታ ይደርስልሃል» ይላል፤ ሌላው «ቁጭ በል፣ ሻይ ጠጥተህ እስክትጨርስ ነው» ይላል። እንዳላማው ገዳሙ ጋ የሄደ ሰው የሚሰማው ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «አስቀምጠውና ልየው።» ቸኩሎ የመጣ ይናደዳል። ጎረቤቶቹ በያጆች በሌለበት «ቄሱ» ይሉታል። የቆዳ ሽርጡን ለብሶ፣ ጓንቱን አጥልቆ፣ ዙሪያውን ቃኝቶ እስኪጨርስ ቅዳሴ ተገብቶ ይወጣል ለማለት ነው። እሱ ይህን ሲሰማ ይስቃል እንጂ አይቀየምም። የሚያስቀይመው ስም ሌላ ነበር።

ልማዱ እንዲህ ነው። ማሽኑን ከመሰካቱ በፊት ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጁ እየዳሰሰ ይሄድበታል፤ የተላጠ ካገኘ ያ ገመድ ያን ቀን ሥራ የለውም። ናይለን አይለብስም። ከሸሚዙ ኪስ ክብሪት አይገኝም። መሬቱ ከረጠበ፣ ደረቅ ሳንቃ ካልተነጠፈለት ኤሌክትሮድ የሚሉትን የብየዳ ዘንግ አያነሳም። አንድ ጊዜ አንድ ነጋዴ ቤንዚን የነበረበት በርሜል አምጥቶ «ባዶ ነው፣ ለሁለት ቁረጥልኝ» ቢለው፣ «የሚፈነዳውማ ባዶው ነው፤ ትነቱ ውስጡ ቀርቷል» ብሎ ከነበርሜሉ ሸኘው። ሰውየው እየተሳደበ ሄደ። እንዳላማው ስድቡን እንደ ምርቃት ተቀብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ይህን ሁሉ ያስተማሩት ጋሽ መሳፍንት ናቸው። እንዳላማው በ1987 ዓ.ም. ከይጁቤ ገጠር ወደ ማርቆስ ሲመጣ ጋሽ መሳፍንት በከተማው የታወቁ በያጅ ነበሩ፤ ዓይናቸው ግን ከግማሽ በላይ ሄዷል። በጉብዝናቸው ዘመን «አንድ ነጥብ ለማስነካት ምን መነጽር ያስፈልጋል» እያሉ ያንን ነጭ ብርሃን ፊት ለፊት ሲያዩት ኖረው ነው። አሸዋ የተደፋበት ያህል ሲቆረቁራቸው ጥሬ ድንች እየቆረጡ ይለጥፉበት ነበር። ድንቹ እንባውን አቆመላቸው እንጂ ዓይናቸውን አላተረፈላቸውም። ስለዚህ እንዳላማውን ብየዳ ከማስነካታቸው በፊት ስድስት ወር ሙሉ ገመድ ሲያስጠቀልሉት፣ ሸራ ሲያስተክሉት፣ አላፊ አግዳሚውን «ዓይንህን አዙር» ሲያስብሉት ከረሙ። «ቀይ ብረት እውነተኛ ነው፤ ራሱን ያሳይሃል» ይሉት ነበር። «ጥቁሩን ነው የምትፈራው። የበረደ መስሎ ነው የሚጠብቅህ።»

እንዳላማው ብረትን ለማወቅ እንኳ ማርቆስ መምጣት አያስፈልገውም ነበር፤ የተወለደው ብረት መካከል ነው። አባቱ አቶ ገዳሙ ከይጁቤ የሁለት ሰዓት መንገድ በምትርቅ መንደር ማረሻና ማጭድ ሲቀጠቅጡ የኖሩ ሰው ናቸው። የዚያ አገር ጤፍም ስንዴም የሚታረሰው በእሳቸው ማረሻ ነው። ገበሬው ማረሻውን ሲቀበላቸው ግን እጃቸውን ላለመንካት ይጠነቀቃል። በደጅ ካለፉ እናት ልጇን በነጠላዋ ትሸፍናለች፤ የቀረበ ማዕድ ካለ ይከደናል። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል የሚል ወሬ ከአያት ከቅድመ አያት ተወርሶ መጥቷላ። እጁ የሠራውን ይዘው እያረሱ ዓይኑን ፈሩት፤ ከዚህ የባሰ ውለታ ቢስነት እንዳለ እኔ አላውቅም። አቶ ገዳሙም ሲያስቀድሱ ከሰው ሁሉ ኋላ ይቆማሉ፤ ሰው ሁሉ ተሳልሞ ሲበተን ለብቻቸው ተሳልመው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ልጃቸው ከተማ የገባው ይህችን ኋላ መቅረት ላለመውረስ ነበር። ማርቆስ ላይ የማን ልጅ እንደሆነ የሚጠይቀው አልነበረም፤ እሱም ሳይጠየቅ አልተናገረም።

የጠየቁት የኔታ ወልደ ሰንበት ናቸው። በ2002 ዓ.ም. ከይጁቤ ዳር ካለው ሚካኤል የሰበካ ጉባኤ ሰዎችን ይዘው መጡ። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ የእንጨት በር በስብሶ ስለነበር ባለ ሁለት ተካፋች የብረት በር ሊያሠሩ ነው። የኔታ የደብሩ አለቃና የድጓ መምህር ናቸው፤ ቀጭን፣ ረዥም፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ። በሩን ተነጋግረው ሲጨርሱ፣

«ቃናህ የኛ አገር ነው፤ የማን ልጅ ነህ?» አሉት።

እንዳላማው የሐሰት ስም ሊሰጣቸው ይችል ነበር። አፉ ላይ መጥቶለትም ነበር ይባላል።

«የገዳሙ ነኝ፤ የቀጥቃጩ» አለ።

አብረዋቸው የመጡት ሰዎች አንዱ ጫማውን፣ ሌላው ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። የኔታ ግን ዓይናቸውን ከእሱ ላይ ሳያነሱ «ደግ። ለሰኔ ሚካኤል ይደርሳል?» ብለው ጠየቁት፤ «ይደርሳል» አለ።

ይህን ለአባቱ ሊነግር ሲሄድ አቶ ገዳሙ ደስ አላላቸውም። «ልጄ፣ ተው» አሉት። «በሩ ያማረ እንደሆነ ሚካኤል አሳመረው ይባላል። አንድ ሰው ጣቱን የተቃጠለ እንደሆነ ግን ኤሌክትሪክ አቃጠለው የሚል አታገኝም፤ የገዳሙ ልጅ በላው ነው የሚሉት። ደግሞ ብዙ ሰው አያስፈልጋቸውም፤ አንድ ይበቃቸዋል።»

እንዳላማው አባቱ እውነታቸውን እንደሆነ ያውቅ ነበር። ሥራውን የፈለገውም በዚሁ ምክንያት ነው። አባቱ በሚታወቁበት አገር፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት በር ላይ፣ አንድም ሰው ሳይጎዳ ሠርቶ መውጣት አማረው። አንድ ሰው ከተጎዳ ግን ለአባቱ በዚያ አገር መኖሪያ እንዳይጠፋ ሰጋ። ሁለቱንም አስቦ ሥራውን ጀመረ።

ሰኔ 8 ቀን በሩን በአይሱዙ ጭኖ ደረሰ። ተካፋቾቹ ማርቆስ ላይ አልቀዋል፤ የቀረው በያንዳንዱ ወገን ሦስት ሦስት ማጠፊያ ቀድመው ከተተከሉት የብረት ምሰሶዎች ጋር እዚያው መበየድ ነበር። ማሽኑ መብራት የሚያገኘው ከዕቃ ቤቱ ነው። ሥራው ለበያጅ ከባድ አይደለም፤ ችግሩ ቦታው ነበር። ፋብሪካ ቢሆን «መጠጋት ክልክል ነው» ብሎ መለጠፍ ይበቃ ነበር። የሚካኤልን ደጅ ግን ማን ሳይሳለም ያልፋል? ወደ ገበያ የሚሄደውም፣ ከገበያ የሚመለሰውም፣ አህያውን የሚነዳውም ይቆማል። ጫማውን አውልቆ፣ በእርጥብ መሬት ላይ በባዶ እግሩ ቆሞ፣ ግንባሩንና ከንፈሩን በሩ ላይ ያሳርፋል። ጋሽ መሳፍንት ባሥራ አምስት ዓመት ውስጥ አታድርጉ ያሉትን ነገር ሁሉ ምእመኑ በአንድ ጊዜ ያደርገዋል ማለት ነው፤ ያውም እየጸለየ።

እንዳላማው በበሩ ዙሪያ ሸራ ተከለ፤ ከሸራው አሥራ አምስት እርምጃ ርቆ ገመድ ዘረጋ። አላፊውን ሁሉ «እባካችሁ እስከ በዓሉ በሰሜኑ በር ተሳለሙ» እያለ መለሰ። አብዛኛው ሰው እያጉረመረመ ዞረ። ወይዘሮ የብርጓል ግን የሚዞሩ ሰው አልነበሩም። ባልቴት ናቸው፤ ያንን ደጅ ከአርባ ዓመት በላይ ጧት ጧት ተሳልመዋል። ታመው የቀሩባቸውን ቀናት በጣት ቆጥረው የሚነግሩ ናቸው።

ሰኔ 9 ጧት መጥተው ገመዱ ጋ ቆሙና «ይህን ማን ዘረጋው?» አሉ።

«እኔ ነኝ እማማ። ብረቱ ያቃጥላል፣ ኤሌክትሪክም አለበት።»

«አንተ የገዳሙ ልጅ አይደለህም?»

«ነኝ።»

እሱ መነጽሩን ደፍቶ ወደ ሥራው ሲመለስ፣ እሳቸው በገመዱ ሥር አጎንብሰው፣ ሸራውን ገልጠው ገቡ።

በያጅ መነጽሩን ከደፋ በኋላ ከሚበይደው ነጥብ በቀር ዓለም የለችለትም። እንዳላማው ሁለተኛውን ማጠፊያ ጨርሶ ወደ ሦስተኛው ሊሻገር ሲል፣ በመነጽሩ ሥር ባለችው ጠባብ ክፍተት ወደ መሬት አየ። ሁለት ባዶ እግሮች፣ ጭቃ የነካቸው፣ ከሳንቃው አጠገብ ቆመዋል። ኤሌክትሮዱን ከነመያዣው ወደ ራቀው ደረቅ ሳንቃ ወረወረ። የወይዘሮ የብርጓል ፊት ወደ ሁለተኛው ማጠፊያ እየቀረበ ነበር። የሚናገርበት ጊዜ ስላልነበረው ጓንት ያጠለቀ መዳፉን ማጠፊያው ላይ ለጠፈ። ከንፈራቸው ያረፈው የጓንቱ ጀርባ ላይ ነው። ደንግጠው ወደ ኋላ ሲሉ ሚዛናቸውን ስተው ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ።

«ቀጥቃጭ ገፋኝ» አሉ። ድምፃቸው እስከ መንገዱ ተሰማ።

ሰው ለመሰብሰብ ጊዜ አልፈጀበትም። አንዱ አነሳቸው፣ ሌላው ጭቃቸውን ጠረገላቸው፣ ሦስተኛው «በሩን ይዞ ይሂድ፤ ቡዳ የነካው በር ለሚካኤል አይሆንም» አለ። እንዳላማው መጀመሪያ ሄዶ ማሽኑን አጠፋ፤ ሶኬቱንም ነቀለ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ሰዉ ፊት ቆመ። ከሰዉ ቁጣ ይልቅ ያስፈራው ሊሆን የነበረው ነገር ነው። የሚያስቀይመው ስም ይህች ቡዳ የምትለዋ ነበረች።

የኔታ ወልደ ሰንበት ከጉባኤ ቤታቸው ወጥተው ሲደርሱ ጭቅጭቁ ጦፎ ነበር። ሰውን ሁሉ ዝም አሰኝተው «ገፋሃቸው ወይ?» ብለው ጠየቁት።

«አልገፋሁም የኔታ። ብረቱን ነው የሸፈንሁት።»

«ብረቱ ጥቁር ነው» አለ አንዱ ከሰዉ መካከል። «እሳት የለበትም። ሲዋሽ ነው።»

እንዳላማው ወይዘሮ የብርጓልን አያቸው። ለቤተ ክርስቲያን ያመጡት ጧፍ እስካሁን በእጃቸው ነበር።

«እማማ፣ ጧፉን ይስጡኝ» አላቸው።

ሰጡት፤ ለምን እንደሰጡት እሳቸውም ኋላ ላይ መናገር አልቻሉም። እንዳላማው ሸራውን ገልጦ፣ ሰዉ ሁሉ እያየ፣ የጧፉን ጫፍ ያንን ጥቁር ማጠፊያ አስነካው። ሰሙ እንደ ውሃ ወረደ። ብረቱ ላይ ጭስ ብቻ ቀረ፤ ጧፉም በእጁ ላይ ወደ ግማሽ አጠረ።

«ይህ እንኳ ይህን ያህል ስንጨቃጨቅ ቆይተን ነው» አለ እንዳላማው። «ከንፈርዎ የደረሰው ገና ከእሳት እንደወጣ ነበር።»

የኔታ ቀርበው የእንዳላማውን ጓንት አነሱና አገላብጠው አዩት። መዳፉ ላይ፣ ቆዳው ከማጠፊያው ልክ ጠቁሮ ተኮማትሯል። ለወይዘሮ የብርጓል አሳዩአቸው። ወይዘሮ የብርጓል ከንፈራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ።

«እኔ ደግሞ ገፋኝ ብዬ አማሁት» አሉ።

የኔታ ወደ ሰዉ ዞሩ። «ቡዳ ያላችሁት ሰው የእኚህን እናት አፍ በእጁ አተረፈ። ንስሐ የሚገባ ሰው ካለ ቤቴ ቅርብ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ እንዳላማው ዞረው «ሰዉን ሳትከለክል ልትሠራ አትችልም፤ እኔ ደግሞ ሰዉን ከደጁ ልከለክል አልችልም። ምን ይሻላል?» ብለው ጠየቁት።

እንዳላማው በሕይወቱ ከአንድ አለቃ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምቶ አያውቅም። «እርስዎ ከገመዱ ወዲያ መስቀልዎን ይዘው ቢቆሙ» አለ፣ ቃሉን እየመረጠ፤ «ሰዉ ከደጁ ፊት መስቀል ይሳለማል፤ እኔም እሠራለሁ።»

እንደዚያው ሆነ። የኔታ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወንበር አስወጥተው፣ ጃንጥላ ተዘርግቶላቸው፣ ከገመዱ ወዲያ ተቀመጡ። ያለፈው ሁሉ መስቀል ተሳልሞ፣ ወደ ሸራው አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ በሰሜኑ በር ገባ። ብርሃኑን ሊያይ የሰረቀ ዓይን ካለ የኔታ በመቋሚያቸው ጫፍ ይመልሱት ነበር። ጋሽ መሳፍንት ይህን ቢያዩ እንዲህ ያለ ረዳት ባገኘሁ ይሉ እንደነበር እንዳላማው እስከ ዛሬ ይናገራል።

ሰኔ 10 ዝናቡ ጣለ፤ ከንጋት እስከ ማታ አላባራም። ሦስት ማጠፊያ ቀርቷል፣ ዋዜማው ነገ ነው፣ አንደኛው ተካፋች ገና መሬት ላይ ተኝቷል። የሰበካ ጉባኤው ሰዎች ተሯሯጡ። «ሸራው ከላይ አለልህ፤ ሥር ሆነህ ሥራው» አሉት።

«ሸራው ከላይ የሚመጣውን ነው የሚከለክለው» አላቸው እንዳላማው። «ውሃው ከሥርም አለ። አልበይድም።»

«በዓሉ ያለ በር ሊከበር ነው?»

«ያለ በር ይከበር። ያለ ሰው ከሚከበር ይሻላል።»

ይህን ሲል ልቡ አልደነገጠም ብል ውሸት ነው። በሩ ለበዓሉ ካልቆመ «የቀጥቃጭ ልጅ ጀምሮ መጨረስ አቃተው» እንደሚባል ያውቅ ነበር። ሰዎቹ ወደ የኔታ ሄደው አቤት ቢሉ፣ የኔታ «ዝናቡን የሚያቆም ሰውዬው አይደለም። የሚያቆመውን ለምኑ፣ እሱን ተዉት» አሏቸው። እንዳላማው ያን ቀን ዕቃ ቤት ተቀምጦ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ጊዜ ዳሰሰ።

ሰኔ 11 ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ወጣች። እንዳላማው ውሃውን ጠረገ፤ ምሰሶዎቹን በጨርቅ አደረቀ፤ ዕቃ ቤት ያሳደራቸውን ደረቅ ሳንቃዎች አነጠፈ። ኤሌክትሪኩ ወደ ማሽኑ የሚመለስበትን ገመድ ቆንጣጭ፣ ዝገቱን ፍቆ ባጠራው ብረት ላይ፣ ከሚበይደው ቦታ አንድ ክንድ ብቻ አርቆ አሰረ፤ ኤሌክትሪኩ ሌላ መንገድ እንዳይፈልግ ነው። የኔታ በወንበራቸው ላይ ነበሩ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የመጨረሻው ማጠፊያ አለቀ። ተካፋቹን በአንድ ጣቱ ገፋው። ድምፅ ሳያሰማ ሄዶ፣ ሳያሰማ ተመለሰ። እንዳላማው ያን ጊዜ የተሰማውን ደስታ በአፉ አልተናገረውም፤ በሩን አራት ጊዜ እየከፈተ ዘጋው እንጂ። እጁ ለሠራው ነገር የኮራ ሰው ምን ያደርጋል ቢሉ፣ ይህን ነው።

በማግስቱ የሰኔ ሚካኤል ነው። ገመዱ ተጠቅልሎ፣ ሸራው ተነሥቶ፣ በሩ ብቻውን ቆሞ ሰዉን ጠበቀ። ሕዝቡ ከይጁቤም፣ ከሉማሜም፣ ከየገጠሩም ነጭ ለብሶ ደረሰ። በሩ ፊት ሲደርስ ግን ሰልፉ ቆመ። ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ሲወርድበት ያደረ ብረት ነው፤ እንኳን ሊያቃጥል ጥርስ ያንገጫግጫል። ይህን ልብ ያላለ ሰው አልነበረም። ነገር ግን የጧፉን ወሬ ያልሰማም አልነበረም፤ ቀድሞ ከንፈሩን የሚያስጠጋ ጠፋ።

ከፊት የቆሙት ወይዘሮ የብርጓል ናቸው። ዞር ዞር ብለው በያጁን ከአጥሩ ሥር ቆሞ አዩት።

«እንዳላማው» አሉ በስሙ ጠርተው። «በርዷል ወይ ልጄ?»

ሕዝቡ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። በያጁ መጣና በባዶ እጁ የመጀመሪያውን ማጠፊያ ዳሰሰ። ሁለተኛውንም ዳሰሰ። ስድስቱንም አንድ በአንድ፣ ሳይዘል፣ ሳይቸኩል ነካቸው፤ ሰዉም ጠበቀው። ከዚያ ራሱ ተሳለመ።

«በርዷል እማማ» አላቸው። «ይሳለሙ።»

ተሳለሙ። ቃሉም በሰልፉ ላይ ከአፍ ወደ አፍ ወደ ኋላ ሄደ፤ በርዷል ብሏል፣ በርዷል ብሏል እየተባለ። አቶ ገዳሙ እንደ ልማዳቸው ከሰው ሁሉ ኋላ፣ ከአንድ ዋርካ ሥር ቆመው ነበር። ከፊታቸው ያለው ሰው ከሉማሜ ለበዓሉ የመጣ እንግዳ ነው፤ አያውቃቸውም። ዞሮ፣

«በርዷል ብሏል አባባ፤ መሳለም ይቻላል» አላቸው።

«ማነው ያለው?» አሉ፣ እያወቁ።

«በያጁ ነዋ። እንዳላማው ነው የሚሉት፤ የገዳሙ ልጅ። እሱ በርዷል ካለ በርዷል።»

አቶ ገዳሙ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ልጄ ነው» አሉት።

ሰውዬው ቀና ብሎ አያቸው፤ ከዚያም ከመንገዱ ፈቀቅ አለና «እንዲያ ከሆነማ ይቅደሙኝ» አለ።

አቶ ገዳሙም ቀደሙት።